እኅት ለእኅት የቋጠረችው ስንቅ

ሊባኖስ ሲባል ቀድሞ በሐሳባችን የሚመጣው በመጽሐፍ የሚጠራው ዝግባ፣ አለዚያም የእኛው ደብረ ሊባኖስ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ስም በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ፣ በጅማም ሆነ በባሕር ዳር ሲነሣ የብዙ እናት ልብ የሚሄደው ወደ ዝግባው ሳይሆን ወደ ልጅዋ ነው። «ልጅሽ የት ሄደች?» ሲባል «ቤሩት» ብሎ መመለስ የተለመደ የሰፈር ወሬ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በዛሬው ዓምዳችን ወደዚያች ከተማ ይዘናችሁ እንሄዳለን። የምንጎበኘው ግን በባሕሩ ዳር የተደረደሩትን ሆቴሎች አይደለም። ዶራ የሚባለውን አደባባይና በዙሪያው ያለውን ሰፈር ነው። ምክንያቱም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በሩን ሁሉ ባስዘጋ ጊዜ እዚያ የተሠራ፣ እናቶችና ሠራተኞች ሊያውቁት የሚገባ ሥራ አለ። ቀኖቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በእኛው አቆጣጠር ነው።

ዶራ የሚገኘው ከቤሩት መካከለኛ ክፍል በስተ ምሥራቅ፣ ከቤሩት ወንዝ ማዶ ነው። ወደ ሰሜን ሊባኖስ የሚጓዙ ሚኒባሶች የሚነሡበት፣ የመኪና ጥሩምባ የማያርፍበት ስፍራ ነው። ከአደባባዩ ጥቂት እንደ ተራመዳችሁ ቡርጅ ሐሙድ ትገባላችሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሕንፃዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከሰገነት ወደ ሰገነት እንደ ሸረሪት ድር ተወጥሯል። ምድር ቤቱ ሁሉ ሱቅ ነው። ጫማ ሠሪው፣ ወርቅ ሠሪው፣ ቅመም ሻጩ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ከላይ ፎቅ የሚኖሩ ባልቴቶች ቅርጫት በገመድ ወደ ታች ያወርዳሉ፤ ሻጩ ዳቦና አትክልት ያስቀምጥላቸዋል፤ እነርሱም መልሰው ይስቡታል።

ይህን ሰፈር የቆረቆሩት በ1907 ዓ.ም. ከተጀመረው ፍጅት ያመለጡ አርመናውያን ናቸው። ለየመንደሩም ያጧቸውን ከተሞች ስም አወጡለት፦ «አዲስ ማራሽ»፣ «አዲስ አዳና»፣ «አዲስ ሲስ» አሉት። ለእኛም ታሪኩ ሩቅ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸውና በሙዚቃ ጓድነት የምናውቃቸው «አርባ ልጆች» የዚያው መከራ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። እንግዲህ ቡርጅ ሐሙድ ከጥንቱ የስደተኛ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በዚያው ሰፈርና በአጠገቡ ባለው በነብዓ የቤት ኪራዩ ከሌላው የከተማው ክፍል ስለሚቀል ከኢትዮጵያ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከፊሊፒንስና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ሠራተኞች አንዱን ክፍል ለአራትና ለአምስት ተካፍለው ይኖራሉ።

ዶራን ዶራ የሚያደርጋት እሑድ ነው። እሑድ የዕረፍት ቀን የሚፈቀድላት የቤት ሠራተኛ ነጠላዋን ይዛ ወደዚህ ትመጣለች። ለቤተሰቧ ገንዘብ ትልካለች፣ የስልክ ካርድ ትገዛለች፣ ጠጉሯን ትሠራለች። በርበሬና ሽሮ የሚሸጥባቸው ሱቆች፣ እንጀራ የሚበላባቸው ቤቶች አሉ። ሳምንቱን ሙሉ በዐረብኛ «አዎን ማዳም» ስትል የሰነበተች ሴት በአማርኛና በኦሮምኛ የምትስቀው በዚህ ቀን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወሬ የምትለዋወጠው በዚህ ቀን ነው። ማን ታመመች፣ ማን ደመወዝ ተከለከለች፣ ማን ከአሠሪዋ ቤት ወጣች የሚለው ሁሉ የሚታወቀው በዶራ ነው። ይህን ነገር አስታውሱት፤ ኋላ ያስፈልገናል።

እንደሚታወቀው በሊባኖስ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት «ከፋላ» በሚባለው የዋስትና ሥርዐት ነው። የሴቲቱ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ስም ጋር የታሰረ ነው፤ አሠሪው ሳይፈቅድ ከቤቱ የወጣች እንደ ሕገ ወጥ ትቆጠራለች። በ1939 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓታል። ወረርሽኙ በገባበት ዘመን በአገሪቱ 250,000 ያህል የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች እንደ ነበሩ ይገመታል። አብዛኞቹ የእኛ ልጆች ነበሩ።

ችግሩ ከበሽታው ቀድሞ የጀመረ ነው። ለ20 ዓመታት ያህል 1 የአሜሪካ ዶላር በ1,500 ሊራ ገደማ ይመነዘር ነበር። ከጥቅምት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ባንኮች ዶላር መስጠት አቆሙ፣ የሊራውም ዋጋ ወረደ። በሰኔ ወር መጨረሻ በጥቁር ገበያ 1 ዶላር ከ8,000 ሊራ በላይ ደረሰ። ይህን እንደ ቤት ወጪ አድርገን እናስላው። በወር 200 ዶላር የምታገኝ ሴት አሠሪዋ በድሮው ሒሳብ በሊራ ቢከፍላት 300,000 ሊራ ይሰጣታል። በገበያው ዋጋ ሲመነዘር ከ38 ዶላር አይበልጥም። ይህም ሲከፈላት ነው፤ ብዙዎቹ ለወራት ምንም አልተከፈላቸውም። ኑሮው ለባለአገሮቹም ከብዶ ስለ ነበር በዚያው ሰኔ የአገሪቱ ጦር ሠራዊት ከወታደሮቹ ምግብ ላይ ሥጋ አስቀርቷል።

በሽታው በሊባኖስ መኖሩ የተረጋገጠው የካቲት 13 ቀን ሲሆን፣ መጋቢት 6 ቀን መንግሥት ሰው ሁሉ በቤቱ እንዲቀመጥ አዘዘ። በሦስተኛው ቀን የአውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ፤ እስከ ሰኔ 24 ቀንም አልተከፈተም። ማታ ማታ መውጣት ተከለከለ። መኪና የሚንቀሳቀሰው በሰሌዳ ቁጥር ተራ ሆነ፦ ጎዶሎው ሰኞ፣ ረቡዕና ዐርብ፣ ሙሉው ማክሰኞ፣ ኀሙስና ቅዳሜ። እሑድ ግን ለማንም አልተፈቀደም። ዶራም በእሑዷ ጸጥ አለች።

እንግዲህ «በቤታችሁ ተቀመጡ» የሚለው ትእዛዝ ቤት ላለው የተነገረ ነው። የቤት ሠራተኛዋ የምትቀመጠው በማን ቤት ነው? ነገሩን ከፋፍለን ብናየው ችግሩ በሦስት ዓይነት ሴቶች ላይ በሦስት መልክ ወደቀ።

የመጀመሪያዋ ከአሠሪዎቿ ጋር የምትኖረው ናት። ትምህርት ቤቱና መሥሪያ ቤቱ ስለ ተዘጋ ቤተሰቡ በሙሉ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል። ምግብ ሦስቴና አራቴ ይሠራል፣ ዕቃው አሥሬ ይታጠባል፣ በርና መስኮቱ በበረኪና ይወለወላል። የሥራዋ ሰዓት ማብቂያ አጣ፤ የዕረፍት ቀኗም ቀረ። ምግብ በምታበስልበት ቤት ተርባ የምታድር ሴት መኖሯን ለማመን ይከብዳል፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ከበላ በኋላ የተረፈውን ብቻ የምትበላ ሴት፣ ትራፊው ሲያንስ የሚቀርባትም ያንሳል።

ሁለተኛዋ ከአሠሪ ቤት ወጥታ ክፍል ተከራይታ በሰዓት እየሠራች የምትኖረው ናት። አንድ ቀን ቢሮ ትጠርጋለች፣ በማግሥቱ የሰው ቤት ታጸዳለች። በሽታው ሲገባ «አትምጪ» ተባለች። ያልሠራችበት ቀን አይከፈላትም፤ ኪራዩ ግን አይቆምም። ወረቀት ስለሌላት በየመንገዱ ካሉት ኬላዎች ትሸሻለች። ልጅ የወለደች ከሆነች ደግሞ የሕፃኑ ወተት አለ።

ሦስተኛዋ በመኪና ተጭና የተጣለችው ናት። በግንቦት ወር መጨረሻ ገደማ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው እያመጡ ሐዝሚዬ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አውርደዋቸው ይሄዱ ጀመር። ደመወዝ ያልተቀበሉ፣ ፓስፖርታቸው በእጃቸው የሌለ፣ ሻንጣቸውን ተንተርሰው በእግረኛ መንገድ ላይ ያደሩ ሴቶች ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጣ። ከሊባኖሳውያን መካከል ውኃና ምግብ ይዘው የመጡላቸው ደግ ሰዎች ነበሩ። የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴርም ኋላ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ወደ ሆቴል አስገብቷል።

ታዲያ ለእነዚህ ሴቶች ምግብ ያደረሰው ማነው? ትልልቆቹ የርዳታ ድርጅቶች የየራሳቸውን ሠርተዋል። ነገር ግን የተደበቀችውን ሴት በር ቀድመው ያንኳኩት ራሳቸው የቤት ሠራተኞች የነበሩ፣ አንዳንዶቹም በዚያው ሰዓት ሥራ ያጡ ኢትዮጵያውያት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር ነው። ወረርሽኙ ከመግባቱ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በሊባኖስ የቤት ሠራተኛ በነበሩ ኢትዮጵያውያት የተመሠረተ ሲሆን፣ መሥራቿ ባንቺ ይመር ናት። ከእርሱም ሌላ ስም የሌላቸው፣ በእሑድ ቡና የተዋወቁ ጓደኛሞች ያቋቋሟቸው ትንንሽ የመዋጮ ቡድኖች ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ገንዘቡ የሚመጣው በኢንተርኔት ከሚሰበሰብ መዋጮ ነው፤ ጥቂት በጥቂት፣ ከልዩ ልዩ አገር። ልመናው የሚመጣው በስልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዋትሳፕ በተቀዳ ድምፅ፣ ማዳም እንዳትሰማ በሹክሹክታ። ልመናውን የተቀበለችው ሴት ስም፣ ሰፈርና የሰው ብዛት በደብተሯ ትጽፋለች። ዕቃ በጅምላ ይገዛል፤ የጧቱ ዋጋ ማታ ስለማይገኝ ገንዘብ በእጅ ማሳደር ኪሳራ ነበር። ከዚያም በአንዲት ክፍል ወለል ላይ በየከረጢቱ ይከፋፈላል፦ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና። ሕፃን ላላት የዱቄት ወተትና ዳይፐር ይጨመራል። ሌላው ሰው የሚረሳው፣ ሴት ግን የማትረሳው የወር አበባ መጠበቂያም አለበት። በመጨረሻም የሰሌዳው ተራ የደረሰ ታክሲ ተፈልጎ የሰዓት እላፊው ሳይገባ ለየቤቱ ይደርሳል።

በዚህ ከረጢት ውስጥ ያለውን ዕውቀት ልብ በሉ። ሰው ሁሉ በቤቱ እንዲቀመጥ በታዘዘ ጊዜ በእኛ ዘንድ ዐቢይ ጾም ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፣ በአምስተኛው ቀን ረመዳን ገባ። ምስሩና ዘይቱ ለጾመኛይቱም ለሙስሊሟም ይሆናል፤ በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ ግን ለአንዷ ጾም ነው፣ ለሌላዋ ሐላል መሆኑ አይታወቅም። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ የአንድ አገር ልጅ መሆን ይበቃል። እንደዚሁም ሩዝ ያለ ጋዝ አይበስልም፤ ስለዚህ «ምን ላምጣልሽ?» ከማለት በፊት «በምን ታበስያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ዋናው ነገር ግን ዝርዝሩ ነው። መንግሥትም ሆነ ድርጅት ርዳታ ሲሰጥ የስም ዝርዝር ይፈልጋል፤ መታወቂያ ይጠይቃል፤ ፊርማ ያስፈርማል። ወረቀት የሌላት ሴት ደግሞ ስሟን ማስመዝገብ ራሷን ለፖሊስ ማስረከብ ይመስላታል። እኅቶቿ ግን ያለ ወረቀት ያውቋታል። አስታውሱ ያልናችሁ የዶራ የእሑድ ወሬ እዚህ ላይ አገለገለ። ማን ከማን ጋር እንደምትኖር፣ የትኛዋ እርጉዝ እንደሆነች፣ የትኛዋ ብትራብም በይሉኝታ አፍ እንደማትከፍት የሚያውቁት በቡና ላይ ሰምተውት ስለ ነበር ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው በዚህ ታየ። እህሉን ማንም ሊገዛው ይችላል፤ ለማን እንደሚደርስ ማወቅ ግን በአንድ ቀን የሚገኝ አይደለም። ተራ ወሬ እያልን የምናቃልለው የሴቶች መጠያየቅ በክፉ ቀን የነፍስ መዝገብ ሆኖ ተገኘ።

ዳሩ ግን ነገሩን ከልክ በላይ አናሳምረው። ከረጢቱ የአንድና የሁለት ሳምንት ምግብ ነው። ኪራይ አይከፍልም፣ የተከለከለ ደመወዝ አያስመልስም፣ የተቆለፈ በር አይከፍትም። አከፋፋዮቹም የደረሱት ሊደርሱበት ለቻሉት ብቻ ነው፤ ስልኳን ማዳም ለወሰደችባት ሴት የሚደርስ ድምፅ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሳያበቃ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. መጣ። በሁለት እገዳዎች መካከል ከተማው ለሁለት ቀን በተከፈተበት ጊዜ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል በቤሩት ወደብ የተከማቸ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ 300,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። የአገሪቱ ትልቁ የእህል ጎተራ እዚያው ወደቡ ላይ ስለ ነበር አብሮ በከፊል ፈረሰ። ከወደቡ አጠገብ ያለው ሰፈር ስሙ ካራንቲና ነው፤ ቃሉ ወሸባ ማለት ሲሆን፣ በድሮ ዘመን በመርከብ የመጡ መንገደኞች በበሽታ ፍራት ተለይተው የሚቆዩበት ስፍራ ስለ ነበር የወጣለት ስም ነው። ፍንዳታው ቡርጅ ሐሙድንም አንቀጥቅጦ መስታወቱን አረገፈው። የአከፋፋዮቹ ደብተር እንደገና ተገለጠ፤ አሁን ከምግቡ ጋር ማደሪያና ፍራሽም የሚጠየቅ ሆነ።

ከአራት ዓመት በኋላም እንደዚሁ ሆነ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሊባኖስ ላይ የእስራኤል የአየር ድብደባ ሲበረታ አሠሪዎች ሸሽተው ሠራተኞቻቸውን በተቆለፈ ቤት ወይም በጎዳና ላይ ትተዋቸው የሄዱበት ሁኔታ ነበር። በአንዳንድ መጠለያዎች የውጭ አገር ሠራተኞች አልተቀበሏቸውም። በዚህም ጊዜ የስደተኛ ሴቶች ማኅበራት ምግብ እያበሰሉና መጠለያ እየፈለጉ እስከ ኅዳሩ ተኩስ አቁም ድረስና ከዚያም በኋላ ሠርተዋል። በ2012 ዓ.ም. የተለመደው የስልክ መስመርና የተዘረጋው የመተዋወቅ ድር ያን ጊዜ ከባዶ አልተጀመረም።

ውድ አንባብያን፣ እስካሁን የሰውን አገር ጎበኘን። አሁን ደግሞ ወደ ገዛ ማድ ቤታችን እንግባ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በእኛም ከተማ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ በወሩም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጥቶ ነበር። «ማዕድ ማጋራት» በየዜናው ይነገር፣ በየወረዳው ዱቄትና ዘይት ይሰበሰብ ነበር፤ ብዙ ሰውም በልግስና ሰጥቷል። ያን ጊዜ ግን ተመላላሽ ሠራተኛዋንና ልብስ አጣቢዋን «በሽታ ታመጣለች» ብሎ ያለ ደመወዝ ያሰናበተ ቤትም አልጠፋም። የቤሩቷ ማዳም «አትምጪ» ስትል የሚያንገበግበን ከሆነ በእኛም ቤት ይህ ቃል እንዴት እንደሚሰማ እናስብ። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም ስንል፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156ም የቤት ውስጥ ግላዊ አገልግሎትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ወደፊት በሚወጣ ደንብ እንዲተዳደር ያዘዘ መሆኑን እንወቅ። ስለዚህ በቤታችን ያለችውን ልጅ መብት የሚጠብቅላት በአብዛኛው የእኛው ኅሊና ነው ማለት ነው።

ልጃችሁ ወይም እኅታችሁ በዐረብ አገር የምትሠራ ከሆነች ደግሞ ከዶራ ሴቶች የምንማረው ነገር አለ። የምትሄድ ካለች ከመሄዷ በፊት የፓስፖርቷንና የውሏን ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀሩ። የአሠሪዋን ስም፣ ሰፈርና ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ከስልክ ላይ ብቻ ያለ ቁጥር ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እርሷም ሁለት ቁጥር በቃሏ ታጥና፤ አንዱ የቤተሰቧ፣ ሌላው በዚያው ከተማ የምትኖር የአገሯ ልጅ። ከደረሰች በኋላም ከአገሯ ልጆች ጋር የምታደርገውን መጠያየቅ ጊዜ ማባከን ነው ብላችሁ አትንቀፉባት። ክፉ ቀን ሲመጣ በሯን የሚያንኳኳው ያ ነው።

ስትደውልም ገንዘቡ መድረሱን ከመናገራችሁ በፊት ጠይቋት። «ደህና ነሽ ወይ?» ብትሏት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ እናቷን ላለማስጨነቅ ሁልጊዜም የምትለው ይህንኑ ነው። ይልቁንስ «ዛሬ ምን በላሽ?» በሏት። የበላች ሴት የበላችውን ወዲያው ትናገራለች። ዝም ካለች፣ ወይም ወሬውን ወደ ሌላ ከመለሰች፣ ያን ቀን ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የጎረቤቷን ቁጥር ተቀበሉ።